የአሥራ ሰባት ዓመት ቅናሽ

ጥቅምት 7

ልጄ፣

ስልኩን ጆሮህ ላይ ስለዘጋሁብህ ይቅርታ አድርግልኝ። ኔትወርክ ተቆረጠ ብዬ ልዋሽህ አስቤ ነበር፤ አንተ ግን ኢንሹራንስ ቢሮ ተቀምጠህ ቀኑን ሙሉ ውሸት ስትሰማ የምትውል ሰው ስለሆንክ ተውኩት። እኔው ነኝ የዘጋሁት። ጥያቄ ስታበዛ ድምፅህ ይለወጥብኛል፤ ልጄን ትቶ መሥሪያ ቤትህ የሚያናግረኝ ይመስለኛል። በደብዳቤ ከሆነ ተረጋግቼ እመልስልሃለሁ።

ለመጀመሪያው ጥያቄህ፣ ደህና ነኝ። አንገቴን ትንሽ ያዝ አድርጎኝ ነበር፤ ለቀቀኝ። ለሁለተኛው፣ መኪናው ውስጥ አንድም ልጅ አልነበረም። አሥራ አንዱንም ትምህርት ቤት አድርሼ፣ የበሉትን የብስኩት ፍርፋሪ ጠራርጌ፣ ባዶዬን ስመለስ ነው። ከሃያ ደቂቃ በፊት ቢሆን ኖሮ እያልኩ ግን አሁንም አስባለሁ።

ለሦስተኛው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዳቦ ቤቱ ጋ አቁሜ ነበር፤ ወደኋላ ስወጣ አላየኋትምና አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና ገጨሁ። ይኸው ነው። አደጋ ሲደርስ ሳይውል ሳያድር አሳውቂ እያልክ ጆሮዬን ስታደነቁረኝ ስለኖርክ፣ ቅጹን በማግሥቱ ሞልቼ ኢንሹራንሱ ቢሮ አስገብቻለሁ። ላኪልኝ ያልከውን ኮፒ፣ ከዚያም ባለመኪናዋ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አሳትሜ፣ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ታገኘዋለህ።

ባለመኪናዋ እዚህ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ናት። በዕድሜ ካንተ ብታንስ እንጂ አትበልጥም። ምስኪን፣ ዓይኗ ደም መስሎ፣ ነጩን ጋውን እንኳ ሳታወልቅ። ውሃ አምጥቼ አጠጣኋት።

የአሥራ ሰባት ዓመት ቅናሽሽን እንዴት እንዲህ በቀላሉ ትለቂያለሽ ላልከው፣ ቅናሽ እኮ ልጅ አይደለም፤ ካሳ ላልጠየቀ ሰው ኢንሹራንሱ ከክፍያው የሚቀንስለት ብር ነው። በየዓመቱ ውሉን ሳሳድስ ጸሐፊዋ «ዘንድሮም ምንም የለም?» ስትለኝ ምንም ብዬ ደረቴን ነፍቼ እወጣ ነበር። በመጪው ዓመት አንገቴን ደፍቼ እወጣለሁ። በዚህ የሚሞት ሰው የለም።

ሹራብ እየሠራሁልህ ነው። እዚያ ብርዱ ጠንክሯል ሲሉ ሰማሁ።

እናትህ


ጥቅምት 13

እማዬ፣

ድምፄ መሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ስላለሽ አጥፍቻለሁ። ስልኩን ከዘጋሽው በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ፈዝዤ ስለቀረሁ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ሻይ አምጥታ ማን ሞተብህ አለችኝ። እናቴ ካሳ ጠየቀች ብላት ሳቀችብኝ። ለሷ ቀልድ ነው። እኔ ግን ያንን ቅናሽሽን አብሬሽ ሳሳድገው ነው ያደግኩት።

የአንቺ ኢንሹራንስ ሌላ ድርጅት ስለሆነ ፋይልሽን ማየት አልችልም፤ ብችልም አይገባኝም። አሠራሩ ግን ከቦታ ቦታ እምብዛም አይለያይም፤ ላስረዳሽ። ማሳወቅና ካሳ መጠየቅ አንድ አይደሉም። አደጋ ደረሰብኝ ብሎ ማሳወቅ ብቻውን ቅናሽ አይነካም። ቅናሹ የሚነካው ኢንሹራንስሽ በአንቺ የተነሳ ወጪ አውጥቶ ከማንም ማስመለስ ሲያቅተው ነው። ጥፋቱ የሌላው ሰው ከሆነ፣ ያንቺዎቹ መኪናሽን አሠርተው ወጪውን ከዚያኛው ኢንሹራንስ ይቀበላሉ፤ የአንቺ ቅናሽ እንዳለ ይቀመጣል። ጥፋቱ የአንቺ ከሆነ ከላይኛው እርከን ወርደሽ እንደገና ዓመት ትቆጥሪያለሽ።

ይህን ለስንቱ ሰው እንዳስረዳሁ አትጠይቂኝ። ለእናቴ ስጽፈው ነው ብዕሩ የከበደኝ።

አሁን አትቆጪኝ። ፎቶውን አየሁት። ደጋግሜ አየሁት። ሚኒባስሽ በቀኝ መስመሩ ላይ፣ እግረኛ ማቋረጫው ፊት፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የሰማያዊዋ መኪና ፊት ደግሞ ከኋላው ተጨምድዶ ገብቷል። ዳቦ ቤቱ ከፎቶው ዳር፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ከዳቦ ቤት ደጃፍ ወደኋላ የወጣ መኪና እንዴት ብሎ መንገዱን ተሻግሮ እዚያ ይቆማል?

ልጅሽ


ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል

ልጄ፣

ሰላም ነኝ። ፎቶ እንደ አነሳሱ ነው፤ ከጎን ሲያነሱት ሁሉም ነገር ጠማማ ይመስላል። ትራፊኩ መኪኖቹን ዳር ካስያዝን በኋላ መጥቶ፣ ሁለታችንንም ሰምቶ ጽፏል። ፈርመናል። አለቀ። ያሳደግኩህ እናትህን እንድትመረምር አይደለም።

ሹራቡን በሚመጣ ሰው ልኬልሃለሁ። እጅጌው ከረዘመብህ እጠፈው።

እናትህ


ጥቅምት 24

እማዬ፣

ሹራቡ ደርሶኛል። እጅጌው ልክ ነው፤ አሁን ለብሼው ነው የምጽፍልሽ።

ስለ ፎቶው ሁለተኛ አላነሳብሽም። ሌላ ነገር ግን አስጨነቀኝ። ደብዳቤሽ ላይ ሰዓቱንም ጽፈሽዋል፤ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። በዚያ ሰዓት አንቺ ወሬኛዋ የምትያት ልጅ በር ላይ ክላክስ እያደረግሽ መሆን ነበረብሽ። ሚኒባሱ የተጎዳው ኋላው ላይ ብቻ ነው፤ ይነዳል። ታዲያ በሥራ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ባለፈው ዓመት አንድ የጭነት መኪና ባለቤት ካሳ ሊጠይቅ እኔ ዘንድ መጣ። ሲገለበጥ እኔ ነኝ የነዳሁት ብሎ ጻፈ። ሐኪም ቤት የሰጠው ማስረጃ ላይ ግን መሪው ደረቱን የመታው ታናሽ ወንድሙን ነው። ታናሽየውን ለማዳን ብሎ ነው በራሱ ላይ የወሰደው። ሐሰተኛ ቃል ስለሆነ ጥያቄው ውድቅ ሆነ። የውድቅ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው አንብቦ ሲጨርስ አልጮኸም። መስኮቱን ተደግፎ፣ «እውነቱን ብነግርህ ኖሮ ትከፍሉኝ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ወንድምየው መንጃ ፈቃድ ነበረው። አዎ አልኩት። ቢሮው እስኪዘጋ ድረስ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ዋለ።

ለዚህ ነው ድምፄ የሚለወጠው፣ እማዬ። ይቅርታ። ጻፊልኝ።

ልጅሽ


ጥቅምት 30

ልጄ፣

ደብዳቤህን ሦስት ቀን ትራሴ ሥር አስቀምጬ ነው የመለስኩልህ። አዎ፣ ቤት ነኝ። ከጥቅምት 12 ጀምሮ።

አንዱ ወላጅ ወሬውን ከኢንሹራንሱ ቢሮ ይሁን ከጋራዥ፣ ብቻ ከሆነ ቦታ ሰማ። ወደኋላ ስትነዳ የማታይ ሹፌር፣ ነገ የኛን ልጅ ደጃፍ ላይ ብትገጭስ ብለው ወላጆች ተሰበሰቡ። ልፈርድባቸው አልችልም፤ እኔም ብሆን እላለሁ። ዳይሬክተሩ ቢሯቸው ጠርተው፣ ወንበር ስበው አስቀምጠው፣ ፋይሉ እስኪዘጋ ድረስ እረፊ አሉኝ። መስመሬን ለሌላ መኪና ሰጡት። እኔ አሁንም በሰዓቴ እነቃለሁ፤ ለብሼ፣ ቁልፌን ይዤ፣ በር ላይ እቆማለሁ። ወሬኛዋ በሌላው መኪና መስኮት ለእኔ እጇን እያውለበለበች ታልፋለች። ከዓይኗ እስክጠፋ ድረስ አንገቷን አዙራ ታየኛለች።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ማቋረጫው ላይ በክራንች የሚሄዱ ሽማግሌ ሊሻገሩ ነበርና ቆምኩላቸው። በስፖኪዮ ሳይ ሰማያዊዋ መኪና እየመጣች ነው፤ አትቀንስም። የሴትየዋ አንገት ዘንበል ብሏል። ክላክስ አደረግኩ። ከዚያ ድው አለ። ወርጄ በሯን ስከፍት የመጀመሪያ ቃሏ «ተኝቼ ነበር» ነው። አላመካኘችም፣ ፍሬን እምቢ አለኝ አላለችም። ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት ሥራ ላይ ነበረች። ሦስት አዋልዳለች፤ ሦስተኛዋ ደም አልቆምላት ብሎ በመከራ ተርፋለች።

ዘንድሮ ደግሞ አንድ ጊዜ የጤና ጣቢያውን አጥር ገጭታ ካሳ ጠይቃለች። ሁለተኛ ከጨመረች የኢንሹራንስ ክፍያዋ፣ አረቦኑ፣ ስለሚወደድባት መኪናዋን ልትተው ነው። ያለ መኪና ደግሞ ከከተማ ውጪ ያሉት ሴቶች ምጥ ሲይዛቸው ማን ይደርስላቸዋል? አልለመነችኝም፣ ልጄ፤ ይህን ልብ በል። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ነገሩን ለራሷ ታወራው ነበር እንጂ ለኔ አልነበረም። እኔ ነኝ ያልኳት። እኔ ያጠራቀምኩት ቅናሽ አለኝ፣ አንድ ጊዜ ብንጠቀምበት ምን አለበት፣ በኔ ይሁን አልኳት። አይሆንም አለች። ቃል አስገባኋት። እኔም ቃል ገባሁ።

ለምን ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ይህን ደግሞ እኔ ለማንም ነግሬ አላውቅም። አባትህ በሞቱበት ዓመት፣ ጠዋት ልጆች ማታ ሠራተኞች አመላልስ ነበር። አንድ ቀን ልጆቹን አድርሼ ስመለስ ነቃሁ። ነቃሁ ስልህ፣ መሪ ይዤ ማለቴ ነው። የፊት ጎማዬ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ የአንድ ሱቅ በር ሊነካ አንድ ክንድ ቀርቶታል። ሱቁ ገና አልተከፈተም፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ወደኋላ አወጣሁትና ወደ ቤት ሄድኩ። ያ ቀን በማንም ፋይል ውስጥ የለም። ጸሐፊዋ ምንም የለም ስትለኝ ምንም የምላት፣ መንገዱ ባዶ ስለነበረ ነው። አዋላጇ ፊት ግን እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ቃሌን አላጥፍም። አንተም አታስጨንቀኝ።

እናትህ


ኅዳር 4

እማዬ፣

ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። ቀኑን ራሱን ማለቴ አይደለም፤ ያን ሰሞን ሚኒባሱን ግቢ አቁመሽ ሳትወርጂ ለረጅም ጊዜ መሪው ላይ ትቀመጪ ነበር። ሬዲዮ የምትሰሚ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ነው የገባኝ። ያኔ መጥቼ በሩን ስላልከፈትኩልሽ ይቅርታ። ልጅ ነበርኩ።

አሁን ስሚኝ። ቅናሽሽን ተይው፤ ስለ ቅናሽ አልጽፍልሽም። አንቺ የወሰድሽላት ጥፋቷን ነው፤ እንቅልፏን አልወሰድሽላትም። ዛሬም ከተረኝነት ወጥታ ያችኑ መኪና እየነዳች ነው። በወረቀት ላይ ምንም ስላላጠፋች ማንም እረፊ የሚላት የለም፤ አለቆቿም አያውቁም። በሚቀጥለው ጊዜ ማቋረጫው ላይ የሚቆመው ያንቺ ሚኒባስ ላይሆን ይችላል። ክራንች የያዙት ሽማግሌ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቃል ማረም ይቻላል ወይ ብለሽ ባትጠይቂኝም ልመልስልሽ። ይቻላል፤ ገና ያልተከፈለ ነገር ላይ ከሆነ። «ቀደም ሲል በቅጹ ላይ የሰጠሁት ቃል ትክክል አይደለም፤ ትክክለኛው እንዲህ ነው» ብለሽ በአጭሩ ጻፊ፣ ፈርሚ። ፎቶውን አያይዢ። ኮፒው ላይ ማኅተም አስመቺና ለራስሽ ያዢ። ትራፊክ ጽሕፈት ቤትም አንዱን ስጪ። ይቆጡሻል፤ ምናልባት ከዚያም የከፋ ነገር ይሉሽ ይሆናል። ዋስ ልሆንሽ አልችልም። የጉዳት ገማቹ መኪናሽን ሊያይ መምጣቱ አይቀርም፤ እሱ ሪፖርቱን ሳይጽፍ ብትቀድሚው ነው የሚሻለው። እሱ እንደሆነ ፎቶ አያስፈልገውም፤ ላሜራውን አይቶ ያውቃል።

ቢሮ ከመሄድሽ በፊት ግን ወደሷ ሂጂ። ቃል የገባሽው ለሷ ነው።

ልጅሽ


ኅዳር 13

ልጄ፣

መልሴ ለመዘግየቱ ምክንያት አለኝ፤ መጀመሪያ ተናድጄብህ ነበር። እንቅልፏን አልወሰድሽላትም ያልከኝን ሳነብ ደብዳቤውን ወርውሬዋለሁ። ሁለት ቀን ቆይቼ አነሳሁት።

ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ረጅም አግዳሚ ላይ ከነፍሰ ጡሮች መሃል አስቀመጡኝ። አንዷ ስንተኛ ወርሽ ነው ብላ ቀለደችብኝ፤ እኔም ሃያ ሰባት ዓመት አልፎኛል አልኳት። አዋላጇ ስትወጣ ስታየኝ ደነገጠች፤ አንገቴ ብሶብኝ የመጣሁ መሰላት። ጓዳ ቢጤ ክፍል አስገባችኝ፣ ፋሻና ጓንት የሚቀመጥበት። እዚያ ቆመን ነገርኳት። ቃሌን ላጥፍ ነው የመጣሁት፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ምክንያቱን ስትጠይቀኝ መስመሬን እንደ ተቀማሁ አመለጠኝ። ልነግራት አላሰብኩም ነበር።

 ከዚያ ጓንቷን አወለቀች። «እኔ የተቀበልኩት ቅናሽዎን መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «ልጆቹን እንደ ወሰዱብዎ ለምን አልነገሩኝም?»

 ከአደጋው ወዲህ እንቅልፍ የሚባል እንደ ሌላት፣ አልጋ ላይ ስትሆን እንቢ ያላት እንቅልፍ መሪ ስትይዝ እንደሚመጣ ነገረችኝ። ኃላፊዋን አስፈቀደች። መሪ ላይ የመተኛቷን ነገር ለኃላፊዋም እዚያው፣ እኔ እየሰማሁ፣ አንድ ሳትደብቅ ተናገረች። ከዚያ አብረን በታክሲ ሄድን፤ መጀመሪያ የኔ ኢንሹራንስ፣ ቀጥሎ የሷ፣ ቀጥሎ ትራፊክ። ሦስት ቦታ ሦስት ወረፋ። የሷን ቃል እሷ ጻፈች፣ የኔን እኔ ጻፍኩ፤ አንተ ባልከው ቃል፣ አንድ ፊደል አልጨመርኩም። ማኅተሙንም አስመትቻለሁ።

የኛ ቢሮ የካሳ ክፍል ኃላፊ መነጽር ያደረገች ጠንካራ ሴት ናት። አንብባ ስትጨርስ፣ ይህ ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ ሌላ ቦታ ነበር የምንገናኘው አለችኝ። ውሳኔውን በጽሑፍ እንልክልሻለን ብላ አሰናበተችን። ገማቹ በማግሥቱ መጣ። የኋላ ላሜራውን በእጁ ዳሰሰው፣ ጎንበስ ብሎ አየው፣ የታረመውን ቃሌን አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ። 

 እኔ ደህና ነኝ።

እናትህ


ኅዳር 19

እማዬ፣

ደብዳቤሽን ምሳ ሰዓት ላይ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ከዚያ ወደ ሥራ ተመለስኩና ቀጥሎ የመጣውን ሰው፣ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት፣ ፈርተህ ከሆነ ንገረኝ፣ ምን እንደሆነ ብትነግረኝ ነው የሚሻለው አልኩት። ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ የለም። ወንበሩን አስጠግቶ ነገረኝ።

ውሳኔው ሲደርስሽ ያው ዕለት ጻፊልኝ። ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ አታቆዪብኝ።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 6

ልጄ፣

ያው ዕለት ብለኸኛል፤ ሁለት ቀን አለፈኝ። ሥራ ስለበዛብኝ ነው።

አዎ፣ ሥራ። የጻፉልኝ እንዲህ ይላል፤ ጥፋቱ የሌላኛው ወገን ስለሆነ የጥገናውን ወጪ የሷ ኢንሹራንስ ይሸፍናል፤ የእኔ ቅናሽ አይነካም። ሐሰተኛ ቃል በመስጠቴ ግን በፋይሌ ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀምጧል። ከእንግዲህ ጸሐፊዋ ምንም የለም ስትለኝ ምንም አልላትም። አንድ ወረቀት አለ እላታለሁ። ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን ለወላጆች አነበቡላቸው። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ተመልሰዋል። ሁለቱ ወላጆች ከዋሸች ሹፌር ጋር ልጃችንን አንልክም ብለው ቀሩ። ሄጄ ላስረዳቸው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። መብታቸው ነው።

ስለ አዋላጇ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። አረቦኑ እንደ ፈራችው ተወዶባታል። መኪናዋን አልሸጠችም፤ እስክትችል ድረስ አቁማታለች። ኃላፊዋ ተቆጥታታለች፣ ተቆጥታ ስታበቃ ግን የተረኞች ሠሌዳውን ከግድግዳው ላይ አውርዳ ቀደደችው አሉ። አሁን ማንም ሁለት ቀን አይደርብም። ከከተማ ውጪ ለሚጠሯት ደግሞ የጤና ጣቢያው መኪና ከነሹፌሩ ይወስዳታል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም፣ ሲገኝ።

የሌሊት ተረኛ በሆነች ቀን እኔ ነኝ የምመልሳት። ልጆቹን አድርሼ ስመለስ በጤና ጣቢያው በር ነው የማልፈው፤ ለኔ መንገዴ ነው። መጀመሪያ እንቢ አለች። ከፊት ወንበር ቀበቶ አስሬላት እያወራኋት እወስዳት ነበር፤ አሁን እሱም ቀርቷል። ገብታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ልጆቹ በሚቀመጡበት፣ እግሯን አጥፋ ትጋደማለች። መንገዱን ሳንጨርስ እንቅልፍ ይወስዳታል።

ዛሬም እንደዚያው ነው። በሯ ላይ ደርሻለሁ። ልቀሰቅሳት ዞር ብዬ አየኋትና አሳዘነችኝ። አፏን ከፍታ እንደ ሕፃን ነው የምትተኛው። መኪናውን ጥላ ሥር አስጠግቼ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ወረቀቴን መሪው ላይ ዘርግቼ ይኸው እጽፍልሃለሁ። ልጆቹን ለማምጣት ገና ብዙ ሰዓት አለኝ።

ትተኛ።

እናትህ